ወደ ኋላ የማትሄደው ቮልስ

ውድ ጋሽ አየለ፣

ይህ ደብዳቤ የት ተብሎ እንደሚላክ አላውቅም። ፖስታ ቤት ብወስደው ሠራተኛዋ ትስቅብኛለች፤ ለቄሱ ብሰጣቸው ደግሞ ለሞተ ሰው የሚደርሰው ጸሎት ነው ብለው ይመልሱኛል። ቢሆንም እጽፋለሁ። በሕይወት ሳሉ ላመሰግንዎ አፌን በከፈትኩ ቁጥር "አንቺ ልጅ፣ ሥራ ፈትተሻል መሰለኝ" እያሉ ስለሚያባርሩኝ አንድም ቀን ሳልነግርዎ ቀረሁ። አሁን ማባረር የለም፤ እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል።

ከሁሉ በፊት ደርሼብዎታለሁ። የቮልስዎ የኋላ ማርሽ ተበላሽቶ አያውቅም። ወደ ኋላ እንዳትሄድ የከለከሏት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

እንዴት አወቅሽ ካሉኝ ነገሩ እንዲህ ነው። አርባዎ ከወጣ በኋላ ባለቤትዎ እትዬ አለምነሽ የመኪናዋን ቁልፍ ሰጡኝ። ቆማ ከምትዝግ ንጃት፣ እሱም ቢሆን ካንቺ በቀር ማንንም አያስነካም ነበር አሉኝና ወዲያው ተመልሰው ገቡ። ቅዳሜ ከሰዓት የምሠራበት ፋርማሲ ሲዘጋ መጣሁና መኪናዋ ወለል ላይ ተንበረከክኩ። አፍንጫዋ ወደ ግድግዳው ነው የቆመችው፤ ብቻዬን ወደ ኋላ እየገፋሁ ብቻዬን መሪ መያዝ ስለማልችል የኋላ ማርሹን ማስተካከል የግድ ነበር። ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ መጥረግ፣ ፍሬን ማጥበቅ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የማርሹን ዘንግ ሥር ግን አንድም ቀን አስከፍተውኝ አያውቁም። "እሱን ተዪው፣ እርጅና ነው፤ እንደኔ" ይሉኝ ነበር።

የዘንጉን ሥር የሸፈነውን ጎማ ገልጬ ሁለቱን ብሎኖች ስፈታ ዘንጉ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ አንድ ጠርዟ ወደ ላይ የታጠፈ ስስ ብረት አለች። ሥራዋ ቀላል ነው። የታጠፈው ጠርዝ በትክክለኛው ጎን ከሆነ፣ ዘንጉን ወደ ታች ጫን አድርገው ወደ ግራና ወደ ኋላ ሲስቡት የኋላ ማርሽ ይገባል። ብረቷ ተገላብጣ ከታሰረች ግን ዘንጉ እሷ ላይ ይጋጭና እምቢ ይላል። የእርስዎ ተገላብጣ ነበር። መጀመሪያ ሲገጥሙ ተሳስተው ነው ብዬ አሰብኩ። በኋላ ግሪሱን በጨርቅ ስጠርገው፣ የትክክለኛው ቦታዋ ዙሪያ በካቻቢቴ ጫፍ ተጭሮ አገኘሁት፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ትክክለኛውን ቦታ እንዲህ ተጠንቅቆ ምልክት ያደረገ ሰው አገላብጦ የሚያስረው አውቆ ነው።

ብረቷን በጭረቱ ልክ መለስኳት። ማርሹን ሁለተኛ ላይ አድርጌ ዘንጉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ በጣቴ ገፋ መለስ እያደረግኩ አስተካከልኳትና ብሎኖቹን አጠበቅኩ። አራቱንም ማርሽ ሞከርኩ። ከዚያ ዘንጉን ጫን አድርጌ ሳብኩት። ሰተት ብሎ ገባ። መሪውን ይዤ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ አለቀስኩ። የሳቅኩት በተንኮልዎ ነው። ያለቀስኩት ማርሹ ተበላሸ የተባለበት ወራት ትዝ ብሎኝ ነው።

ማወቅ ነበረብኝ እኮ። ወንድሜ ኤልናታን በሕይወት ሳለ ያቺ ቮልስ በየማለዳው እያጓራች ወደ ኋላ ስትወጣ ከመኝታዬ እሰማት ነበር። የግቢውን በር የሚከፍትልዎም እሱ ነበር። እርስዎ "ኢንጂነሩ" ይሉታል፣ እሱ ደግሞ ጥናቱን ትቶ መኪናዎን ያጥባል። ወንድሜ ብዬ ብጠራውም እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እሱ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ እኔም ከደብረ ብርሃን ጓዜን ጠቅልዬ ተከተልኩት፤ መናኸሪያ አካባቢ ፋርማሲ ተቀጠርኩ፣ ባህል አዳራሽ ሰፈር፣ እርስዎ ግቢ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራየን።

ከዚያ ኤልናታንን ያ ክፉ በሽታ ያዘው። ቀኑን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ስሰጥ የምውል ሰው ለገዛ ወንድሜ የሚሆን መድኃኒት አጣሁ። ቀበርነው። ድንኳኑ ተነሳ፣ ዘመድ ወደየአገሩ ተመለሰ፣ እኔ በሬን ዘጋሁ። ሰው እየመጣ "ያጽናሽ" ይለኛል፣ አሜን እላለሁ፣ ይሄዳል። የፋርማሲው ባለቤት ሜሮን ደጋግማ ስትደውል ስልኬን አጠፋሁት። ለሰው መድኃኒት እየሰጠሁ "ይሻልሃል" ማለት ከእንግዲህ ውሸት መስሎ ታየኝ። እንዲያውም ለማንም ያልነገርኩትን ዛሬ ለእርስዎ ልንገርዎ፤ መኖሩን ራሱ ጠልቼው ነበር። ጠዋት ስነቃ ለምን ነቃሁ እያልኩ ነበር የምነቃው።

አንድ ማለዳ በሬን አንኳኩ። እንደ ሌላው ሰው ያጽናሽ የሚሉኝ መስሎኝ አሜኔን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

"ሀሴት ልጄ፣ ማርሹ እምቢ አለኝ። ነይ ግፊልኝ" አሉ።

ሌላ ሰው ይጥሩ ልልዎ ፈልጌ ነበር። ግን ለሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ እርስዎም ይህን አውቀው ነው የመጡት። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ፣ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ወጣሁ። እርስዎ መሪ ጨብጠው ተኮፍሰዋል። አፍንጫዋን ይዤ ገፋሁ። ቮልሷ እንደ በሬ ተገትራ ቆይታ መንቀሳቀስ ጀመረች። በሩን አልፈን መንገዱ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ፊቴን መታችኝ። እርስዎ "ተባረኪ" ብለውኝ ሄዱ። እኔ ጋቢዬን ይዤ መሐል መንገድ ላይ ቀረሁ። በማግስቱ ተመልሰው አንኳኩ። በሣልስቱም እንዲሁ።

የሰፈሩን ወሬ ያስታውሳሉ? ጎረቤታችን እትዬ አባይነሽ ከበራቸው ላይ ቆመው "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ ሐዘንተኛ ልጅ መኪና ታስገፋለህ?" ብለው ተቆጡዎ። እርስዎ ካዘንሽላት ግፊላት ብለው መለሱላቸው። እሳቸውም በኩራት ነጠላቸውን አደግድገው መጥተው ገፉ። ከዚያ በኋላ የእርሳቸው ልጆች፣ ከማዶ ያለው ባለ ሱቅ፣ ወደ ሥራ የሚያልፈው ሁሉ ቮልሷን ሳይገፋ አይሄድም ነበር። ባለ ሱቁ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላል፣ ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ መጥቶ እጁን ብቻ ጣል አድርጎ ነው የሚገፋው። ሲገፉ እግረ መንገዳቸውን የእኔን ደህንነት ይጠይቃሉ፣ ስለ ልጃቸው ሳልና ስለ እናታቸው ደም ብዛት ያማክሩኛል። ሳላስበው እመልስላቸው ነበር።

መካኒኩ ግዛቸው በነፃ ልሥራልዎ ቢልዎ ቮልስ የባለቤቷን እጅ ነው የምታውቀው ብለው አባረሩት። እንግዲያው ማታ ሲገቡ አዙረው ያቁሟት ሲባሉ የሰጡትን መልስ እስከ ዛሬ ሰፈሩ ይደግመዋል፦ "የቮልስ ልቧ፣ ሞተሯ ማለት፣ ከኋላዋ ነው። ልቧን ወደ በር አድርጋ ካላደረች ጠዋት አትነሳም።" እርስዎ ያሉት ነገር ስለሆነ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ማንም አልጠየቀም። ይባስ ብሎ ግዛቸው ይህንኑ ለደንበኞቹ ሲመክር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሰፈራችን ሁለት ቮልሶች አሁንም በእርስዎ ትምህርት መሠረት ልባቸውን ወደ በር አድርገው ነው የሚያድሩት።

እኔም ብሆን አንድ ነገር አልጠየቅኩም። ጡረታ የወጣ ሰው በየማለዳው ወዴት ነው የሚቸኩለው? "ጉዳይ አለብኝ" ይሉ ነበር። ጉዳይዎ አስፋልቱ ዳር ያለችው ሻይ ቤት እንደነበረች ያወቅኩት ከቀብርዎ በኋላ ነው፤ ባለቤቷ ልቅሶ መጥታ ስትናገር ሰማሁ። በየማለዳው አንድ ሻይ ጠጥተው፣ መኪናዋን አዙረው ይመለሱ ነበር አለች።

ጥቂት ሲቆይ መግፋቱ ብቻ አልበቃዎትም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ነው፣ እዚያ ስቆም ማን ይገፋልኛል፣ መኪናው ውስጥ ግቢ አሉኝ። ገባሁ። አሞራ ገደል ከዳር እዳር በዓሣ አጥማጅ የተሞላ ነው፣ ሁሉም ያውቁዎታል፣ አንዱም ሊገፋልዎ እምቢ የሚል አይደለም። ይህን እያየሁም ምንም አልገባኝም። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ ፊቴ አስቀመጡ። አልፈልግም ስል "መግፋት ጉልበት ይጠይቃል፣ ለመኪናዬ ብለሽ ብዪ" አሉኝ። በላሁ። አሞራዎቹ አጥንቱን ሲጠባበቁ፣ እርስዎ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሲጨቃጨቁ፣ ሙሉ ዓሣ ጨረስኩ። ኤልናታን ከሞተ ወዲህ ጣዕሙን ያወቅኩት ምግብ እሱ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመናኸሪያው ቀን ነው። አሳፍረውኝ ሄደው፣ እኔ የምሠራበት ፋርማሲ በር ላይ፣ አፍንጫዋን ደረጃው ላይ ደግነው አቆሟት። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው ልቀበል ነው አሉኝ። ስመለስ የምትገፊልኝ አንቺ ነሽ፣ ከዚህ እንዳትጠፊ ብለውኝ ወደ አውቶቡሶቹ ሄዱ። ተንኮል ይኖረዋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? መኪናዋን ተደግፌ ቆምኩ። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ በረታች። ሜሮን ብቅ አለች። ወቀሳም ማጽናኛም አልተናገረችም፤ ፀሐይ ላይ አትቁሚ ብቻ አለችኝ። ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰው በዛ። አንድ የሲዳማ ሽማግሌ ማዘዣ ይዘው ከባንኮኒው ፊት ቆመዋል፣ አማርኛቸው ትንሽ ነው፣ ሜሮን ደግሞ ሌላ ሰው ይዛለች። ተነስቼ ማዘዣውን ተቀበልኳቸው። በምችላት ሲዳምኛ እያገዝኩ አወሳሰዱን አስረዳኋቸው። ከረጢቱን ከያዙ በኋላ አልሄዱም። "ያድነኛል?" አሉኝ። የፈራሁት ጥያቄ እሱ ነበር። "ይውሰዱት። ካልተሻለዎት እኔ እዚሁ ነኝ፣ ይመለሱ" አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። እሳቸውም ምንም ያልጎደለበት መልስ እንዳገኘ ሰው እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ። እርስዎ ቀትር ላይ ሲመለሱ ነጩን ጋዋኔን ለብሼ ነበር። በመስተዋቱ አይተውኝ፣ "እንግዲህ እኔን ማን ሊገፋኝ ነው?" አሉ። ከክፍለ ሀገር የመጣ የሚባል ሰው አጠገብዎ አልነበረም።

በማግስቱ በሬን አላንኳኩም። ተኝቼ ማንኳኳትዎን ስጠብቅ ቆየሁ፣ የለም። በመጨረሻ ራሴ ለባብሼ ወጣሁ። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። "አረፈድሽ" አሉኝ።

ጋሽ አየለ፣ የእኔ ነገር እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን የምጽፍልዎ ስለ እትዬ አለምነሽም ነው። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ከቤት አልወጡም። ቤተ ክርስቲያን አልሳሙም፣ ማኅበራቸውን ትተዋል። ያመጣሁላቸውን ምግብ "እሺ" ብለው ይቀበላሉ፣ ተመልሼ ስመጣ እንደነበረ አገኘዋለሁ። ፀሐይ ይሙቁ ስላቸውም እሺ ነው፣ መውጣት ግን የለም። ልጅዎ ካሌብ ከአዲስ አበባ እየደወለ ቤቱ ይሸጥ፣ እኔ ጋ ትኑሪ ይላቸዋል። ልጅ ነው፣ አስቦላቸው ነው። እሳቸው የሚመልሱለት "እንደፈለግህ" ብለው ነው። በአንድ ኪሎ ቲማቲም ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ሴትዮ በኖሩበት ቤት ላይ እንደፈለግህ አሉ። እኔ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የእኔም ድምፅ እንዲያ ነበር።

ማርሹን ባስተካከልኩ ማግስት፣ እሁድ ጠዋት፣ መኪናዋን አስነስቼ ብቻዬን ወደ ኋላ ይዣት ወጣሁ። ኮርቼ ነበር። በሩን ሳልፍ ወደ መስኮታቸው አየሁ፤ መጋረጃው አልተነቃነቀም። መንገዱ ላይም እትዬ አባይነሽ አልወጡም፣ ባለ ሱቁም ቀና አላለም። ያለ ችግር የወጣችን መኪና ማን ብሎ ያያታል? ትንሽ ቆምኩና ተመልሼ ገባሁ፣ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አድርጌ አቆምኳት። መፍቻውን አመጣሁ። ሁለቱን ብሎኖች ፈትቼ ብረቷን እንደ እርስዎ አገላብጬ አሰርኳት።

ሰኞ ማለዳ በራቸውን አንኳኳሁ። ማርሹ እምቢ አለኝ፣ እኔ ልግፋ፣ እርስዎ መሪ ይያዙልኝ አልኳቸው። ከውስጥ ሆነው መሪ ይዤ አላውቅም አሉ። ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው አልኩ። እምቢ ሊሉኝ ነው ስል የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ተሰማኝ። ጥቁራቸውን እንደለበሱ መጥተው መኪናዋ ውስጥ ተቀመጡና መሪውን ሙሉ ድስት እንደያዘ ሰው በሁለት እጃቸው ያዙት።

የበሩን ምሰሶ ገጭተናል፣ ይቅር ይበሉን። የግራ መከላከያዋ ቀለም ተልጧል። ግጭቱን ሰምተው እትዬ አባይነሽ ሲሮጡ መጡና "ኧረ አለምነሽ ሹፌር ሆነችላችሁ" ብለው ሰፈሩን ጠሩት። ባለ ሱቁ መጣ፣ ያው እጁን ጣል አደረገ። እትዬ አለምነሽ አልሳቁም፣ ግን አልተመለሱም፤ መኪናዋ መንገድ ላይ እስክትቆም መሪውን አልለቀቁም። በማግስቱ ከማንኳኳቴ በፊት ጫማቸውን አድርገው ነበር። ሰንበት ሳይደርስ "ቀስ በዪ፣ ግራሽን እዪ" ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ጭራሽ መግፋት አልቻልሽበትም ብለው ተቆጡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቁጣ የለም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አድርሺኝ አሉኝ። ተሳልመው፣ እርስዎ ያሉበት ደርሰው፣ ቆየት ብለው ወጡ። መኪናዋ አፍንጫዋ አጥሩ ላይ ነው። እኔ የሚገፋ ሰው ልፈልግ ስል እሳቸው ሳልጠይቃቸው በሾፌሩ በር ገብተው መሪውን ያዙና ጠሩኝ።

"ሀሴት።"

"አቤት እትዬ።"

"ያቺን ብረት አገላብጠሻታል፣ አይደል?"

እሳቸው ወደ ፊት እያዩ ቀጠሉ።

"ያን ጊዜ ሲያገላብጣት ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ልጅቷ እስክትድን ነው አለኝ። ከዳንሽ በኋላ ሊመልሳት ሲል የከለከልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ የሰው ድምፅ ለምጄ ነበር።" ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። "እስኪበቃኝ አትንኪያት። አሁን ግፊ።"

ገፋሁ፣ ጋሽ አየለ። እያለቀስኩ ገፋሁ፤ የደብሩ ዘበኛም መጥቶ አገዘኝ።

ከሰዓት በኋላ ካሌብ ደወለ። እኔ ደጅ ላይ የተገጨውን መከላከያ እጠርጋለሁ፣ መስኮቱ ክፍት ስለነበር እሰማለሁ። ለቤቱ ገዢ አግኝቻለሁ ያላቸው መሰለኝ። እትዬ አለምነሽ ሲመልሱለት ድምፃቸው የቲማቲም ገበያ ድምፅ ነበር።

"አይሆንም ልጄ። ጠዋት ጠዋት ሥራ አለኝ።"

እስካሁን ያመሰገንኩዎ ሁሉ ይህችን መልሳቸውን አያክልም።

ልጅዎ፣
ሀሴት
ባህል አዳራሽ፣ ሀዋሳ